ድርቤ የከተማ አውቶቡስ ስትሳፈር

ማዘንጊያ ነቀምቴ መናኸሪያ መጥቶ ቲኬት መሸጥ ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በከተማ አውቶቡስ ስምንት ዓመት ቲኬት ቆርጧል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካገኘ ሳይመክር አይለቅም። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ጥር ላይ ተራው የድርቤ ሆነ።

ድርቤ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ቅቤ ነጋዴ ናት። አንድያ ልጇ በቀለች ነርስነት ልትማር አዲስ አበባ ከሄደች አራት ዓመት አልፏታል። ደብዳቤ ይመጣል፤ የሚያነብላት ማዘንጊያ ነው። «ለመስቀል እመጣለሁ» ይላል፤ መስቀል ያልፋል። «ለገና» ይላል፤ ገናም ያልፋል። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በደረሰ ቁጥር ድርቤ ገበያዋን ጥላ መናኸሪያ እየሄደች የወራጁን ሁሉ ፊት ታያለች። በመጨረሻ «ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ» ብላ ቲኬት ቆረጠች።

«እንግዲህ እማማ ድርቤ» አለ ማዘንጊያ፣ «ይቺ ከዚህ የምትነሳዋ አውቶቡስ ዘመድ ናት። የከተማዋ ግን ባዳ ናት። ሲገቡ ተሳፋሪውን ሰላም አይበሉ። ሰላምታዎን ሳይጨርሱ መውረጃዎ ያልፋል።»

«ዝም ብዬ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ምንም አይልም፤ እሱም ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። ሾፌሩን የሚስቱን ደህንነት አይጠይቁት። ‹ልጄ፣ እዚች በሩ ላይ አውርደኝ› አይባልም፤ ፌርማታ አለው። ጭኮ ከያዙም አጠገብዎ ላለው አያጉርሱ። የሰው ጋዜጣም በትከሻው ላይ አያንብቡ።»

«ማንበብ መች አውቄ!»

«ጎሽ፣ አንዱ ቀለለልን።»

በማግስቱ ድርቤ ባኮንና አምቦን አልፋ፣ አቧራ ለብሳ አዲስ አበባ ገባች። አንድ የአገሯ ሰው ቤት አደረችና ጠዋት፣ ደብዳቤው ላይ ወደ ተጻፈው ሆስፒታል የሚሄደውን የከተማ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ምክሩን አንድ በአንድ ጠበቀች። ለልጇ የያዘችውን ጭኮ አቅፋ፣ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ ተቀመጠች። ግን ከበዳት። ጉልበት ለጉልበት የተጋጠመ ይህ ሁሉ ሰው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ ዝም አይባልም። ሁለት ፌርማታ ቻለች። በሦስተኛው አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ሳታስበው፣ «አካም ጅርታ?» ብላ ደህንነቷን ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየቻት። «ነጋ» አለች፤ በኦሮምኛም ቀጠለች፦ «ሎሚ እባላለሁ፤ የጊምቢ ሰው ነኝ። እዚህ አውቶቡስ ውስጥ በአገሬ ቋንቋ ሰላም ስባል ይኸው በሰባት ዓመቴ!»

የሎሚ መውረጃ አለፈ፤ አልወረደችም። ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ዲዴሳ ወንዝ ዘንድሮ ሞልቶ እንደሆነ እየጠየቀች ድርቤን ሆስፒታሉ በር ድረስ አደረሰቻት። ስትሰናበታትም ድርቤ ከጭኮው ቆርሳ አጎረሰቻት።

ዘበኛው፣ «በቀለች የምትባል ነርስ የለችም» አለ። «አጣቢዋን በቀለችን ከሆነ በጓሮ ናት።»

በቀለች እርጥብ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። እናቷን ስታይ አንሶላው ከእጇ አመለጠ።

«ሀርሜ!» አለች፤ ግን አልቀረበችም፤ አንገቷን ደፋች። «ፈተናውን ወደቅሁ። አገሩ ሁሉ ነርስ ሆነች ሲል በየትኛው ፊቴ ልምጣ?»

ድርቤ ሳሙና የበላውን የልጇን እጅ ይዛ አገላብጣ አየችው፤ ሳመችው።

«ነርስ የናፈቀኝ መስሎሽ ነው? ነርስማ ነቀምቴም አለ» አለቻት።

ያኔ ነው በቀለች የእናቷ አንገት ላይ የወደቀችው። ሲበቃቸው የወደቀውን አንሶላ አንዱን ጫፍ እናት፣ ሌላውን ልጅ ይዘው እንደገና አለቀለቁት፤ ጨመቁት።

ድርቤ ስምንት ቀን ከልጇ ጋር ቆየች። «አብረን እንሂድ» ብላትም ነበር። በቀለች ግን ሰኔ ላይ እንደገና ልፈተን ብላ ለመነቻት፤ እናትም እያዘነች እሺ አለች። በቀለች ለፋሲካ መጥታ ሦስት ቀን ብቻ ተቀምጣ ተመለሰች።

ናፍቆቱ ለድርቤ አልቀነሰላትም። ድሮ ግን ልጇን ስታስብ የት እንደምታስቀምጣት አታውቅም ነበር። አሁን ጣራው ዝቅ ያለውን ክፍል፣ ጠባቡን አልጋ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ ሽርጥ ታውቃለች። ቅቤዋን ዘርግታ ተቀምጣ ፀሐይ ጠንከር ሲል፣ ገዢ ፊቷ ቆሞ እያለ እንኳ፣ «ይሄኔ አንሶላው ደርቆላት ይሆናል» ትላለች።