አቶ ደርሷል

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት ከላይኛው ፎቅ የወረዱት ጎረቤት፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ቅሬታዎን ተቀብለናል» አለች ልጅቷ። «በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጥዎታለን።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሴትየዋ እጇን እንደያዙ ቀሩ። አክስቷ ከሶፋው ብድግ ብላ «አይፍረዱባት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም» እያለች ወደ ቴርሞሱ ወሰደቻቸው። ቡና ተቀዳላቸው፤ ከየቤቱ ተለምነው የመጡት ወንበሮች እንደገና ሲጥ ሲጥ አሉ፤ ወሬውም ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጅቷ ግን የተናገረችውን ራሷም አልሰማችውም። ከትናንት ጀምሮ ድምፅ ሁሉ ከውሃ ስር የሚመጣ ይመስላታል።

አፏ ላይ የቀረው የሥራዋ ቃል ነው። በአንድ የእቃ አድራሽ ድርጅት ውስጥ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ሰው ይደውላል፤ «ስልኬ እቃዎ ደርሷል ይለኛል፣ እኔ ዘንድ ግን የደረሰ ነገር የለም» ይላል። እሷ ታጣራለች። ጎረቤት በስህተት የወሰደው አለ። ባል ተቀብሎ ለሚስቱ መንገር የረሳው አለ። መቼም የሰው ነገር፣ የጠፋበትን ጫማ ራሱ ተጫምቶት የሚደውልም አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ቅጽ ትሞላለች። የቅጹ የታችኛው መስመር «የጥፋቱ ባለቤት» ይላል፤ ሦስት ሳጥን አለው፦ ደንበኛ፣ ድርጅት፣ አድራሽ። አንዱ ላይ ምልክት አድርጋ መዝገቡን ትዘጋለች። አባቷ በዚህ የተነሳ «ቅሬታ» ብሎ ስም አወጣላት። «ቅሬታ፣ ራት ቀርቧል»፤ «ቅሬታ፣ ጃንጥላሽን ያዢ»። ሰፈሩም ለመደው፤ እኛም ቅሬታ እንበላት።

እሱም ስም አላጣም። እዚያው ድርጅት ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት እቃ አድርሷል። በር ሲያንኳኳ ሁለቴ ፈጠን ያደርግና ትንሽ ያርፋል፤ ከዚያ አንዴ ይመታል። ኳኳ፤ ኳ። በሩ ሲከፈት እቃውን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ከሰላምታ በፊት «ደርሷል» ይላል። ሕፃናት እንደ ጨዋታ ይቀበሉታል፤ አሮጊቶች ደጃፍ ላይ ውሃ ያጠጡታል። አቶ ደርሷል አሉት፤ አቶ ደርሷል ሆኖ ቀረ።

ትናንት ጠዋት፣ ሻዩን ሳይጨርስ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ።

ቅሬታ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ድንጋጤ ነው አለ። ድንጋጤ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲኒ ልታጥብ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሁለት ሴቶች ኮታቸውን እየደረቡ ይንሾካሾካሉ።

«ከሥራ ያስወጣችው እኮ እሷው ናት።»

«የገዛ አባቷን?»

«በፊርማዋ። እቃ ይጠፋ ነበር አሉ።»

«እና ወስዶ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ።»

ሲኒው እጇ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ። ቧንቧውን ሳትዘጋ ቆመች። ያቃጠላት ሐሜቱ አይደለም። የሴቲቱ ጥያቄ የራሷ ጥያቄ ነው። ወስዶ ነው? ስምንት ወር ሙሉ ከአባቷ ጋር አንድ ገበታ ስትቀርብ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ያቆየችው ይህንኑ ነበር። ሌባ ከነበረ የምታለቅሰው ለማን ነው? ሌባ ካልነበረስ፣ እሷ ምን ዓይነት ልጅ ናት?

ከስምንት ወር በፊት መጀመሪያ የደወሉት አንዲት አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ልጄ፣ እህቴ በእጇ የሠራችልኝ ሹራብ ነው። መልእክቱን ያነበቡልኝ ሰዎች ደርሷል ይላል አሉኝ። እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም።»

«ምናልባት ያን ቀን ቤት አልነበሩ ይሆን?»

«ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ማንም አላንኳኳም። የእሱን ማንኳኳት እኔ ተኝቼም አውቀዋለሁ።» ቀጥለውም «እሱን እንዳትቆጡብኝ ታዲያ፤ ደግ ሰው ነው» አሉ።

በወሩ ውስጥ አምስት ሰው ደወለ። አምስቱም በአንድ ጎዳና ላይ፤ አምስቱም በአባቷ እጅ። አለቃዋ «አባትሽ ነው፤ ለሌላ ሰው ልስጠው» አሏት። እሷ እምቢ አለች። ለአባቷ አደላች እንዳይሏት ነው። ኩራት ይሁን ሐቀኝነት ያኔ አልለየችውም፤ ለነገሩ ብዙ ሰው አይለየውም።

ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት አስቀምጣ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ እቃዎቹ የት ናቸው?»

«ደርሰዋል።»

«ለማን ሰጠሃቸው?»

አሰበ። አንድ ነገር አፉ ድረስ መጥቶ የጠፋበት ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ ጎዳናው ሊጠቁም ጣቱን አነሳ፤ ፊቱ ያለው ግን ግድግዳ ነበር። ጣቱን መለሰ።

«ደርሷል ካልኩ ደርሷል ነው፣ ቅሬታ። መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

ምልክቱን አደረገች። አድራሽ። አምስት ጊዜ።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። እኩለ ቀን ላይ የቢሮው በር ኳኳ፤ ኳ አለ። ቤት የረሳችውን ጃንጥላ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። መለያ ልብሱን አስረክቦ በቤት ሹራቡ ነበር የመጣው። «ደርሷል» አላት፣ ዝግ ባለ ድምፅ። የሥራ ጓደኞቿ አንገታቸውን ደፉ። ስለ ሥራው ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሳባትም፤ አንጀቷን የበላውም ይኸው ዝምታው ነው።

በሦስተኛው ቀን አክስቷ ልብሱን ስታጣጥፍ ከበሩ ኋላ ያለውን ባዶ መስቀያ አየችው። «የብርድ ካፖርቱስ?» አለች። ቅሬታ አታውቅም። መስቀያውን ስታይ ስታይ፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ ተከደነ። አባቷ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው አያልቅም። በየፎቁ በር ያንኳኳል፤ በየበሩ ውስጥ ያለችው እሷ ናት፤ ልትከፍት እጇን ስታነሳ እጇ ላይ እስክሪብቶ ብቻ ነው። ብድግ ብላ የእውነቱን በር ከፈተች። ማንም የለም። እንዲህ ስታደርግ በሦስት ቀን ይህ ስንተኛዋ እንደሆነ እንጃ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አለች አክስቷ። «ማንም አላንኳኳም።»

ሳትቀመጥ ግን ከደረጃው አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። በላስቲክ የተሸፈነ ካፖርት በመስቀያው ከፍ አድርገው ይዘዋል። ከአስተማሪዋ ፎቅ ስር ያለው ላውንደሪ ቤት ባለቤት ናቸው። አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ይጮሃሉ።

«ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አሉ፣ ገብተው ሲቀመጡ። «ባለፈው ሳምንት ካፖርቱን አመጣልኝ፤ ብርዱ ሊገባ ነው ብሎ። ይመጣል፣ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ... እግዜር ያጽናሽ።» ከደረት ኪሳቸው አንድ ፖስታ አወጡ። «ይህ ኪሱ ውስጥ የነበረው ነው። እኛ ኪስ ሳንፈትሽ አናጥብም። ያገኘነውን ደግሞ አናነብም።»

ፖስታው ውስጥ ከደብተር የተቀደዱ አምስት ቁራጭ ወረቀቶች ነበሩ። ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል። በያንዳንዱ አናት ላይ የበር ቁጥር፣ ከሥሩ የአባቷ ጽሑፍ፦ «እቃዎ ታች ላውንደሪ ቤት በአደራ ተቀምጧል። ደርሷል።» አምስቱንም ቁጥር በቃሏ ታውቃቸዋለች።

«አባባ፣ አባቴ እርስዎ ዘንድ እቃ ያስቀምጥ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን?»

«እቃ! እርስዎ ዘንድ ያስቀምጥ ነበር ወይ?»

 የኮሪደሩ ሁለት ሴቶችም እዚያው ተቀምጠው ነበር።

«አዎ እንጂ» አሉ ሽማግሌው፣ ማንም ሳይቀር በሚሰማው ድምፅ። «ቤት ሰው ካጣ ወደ መጋዘን መልሶ ሰውን ከሚያንገላታ፣ እኔ ዘንድ 'አደራ' ብሎ ይተዋል። ወረቀት ጽፎ በበሩ ስር ይሰዳል። ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ እሰጣለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። አሁንም አምስት እቃ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ባለቤቶቹ አልመጡም።»

«ስምንት ወር ሙሉ ለምን አልተናገሩም?»

ሽማግሌው ከልባቸው ግራ ገባቸው። «ለማን ልናገር? የላውንደሪ እቃ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆያል። ሁለት ዓመት የቆየ ሱሪ አለኝ እኮ።» ከዚያ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ባለፈው ሳምንት ግን 'እነዚያ እቃዎችስ?' ብዬው ነበር። 'የምን እቃ?' አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ።»

አክስቷ ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞር ብላ «ቡና ልጨምርላችሁ?» አለች። ሴቶቹ ሲኒያቸውን አቀርቅረው አዩ።

ነገሩ ይህን ያህል ነበር። አንዱ እቃ ወደ ሰው ይሄዳል ብሎ የኖረ፣ ሌላው ሰው ወደ እቃው ይመጣል ብሎ የኖረ፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት ቁራጭ ወረቀት። አቶ ደርሷል ወረቀቷን ጻፈ፤ ኪሱ ከተታት፤ ረሳት። ኋላም መጻፉን ረሳው። ከዚያም ላውንደሪ ቤቱን። ለእሱ እቃው ታማኝ ሰው እጅ በገባበት ሰዓት ደርሷል፤ ስለዚህ አልዋሸም። ቅሬታ ያን ሰሞን ሻዩን ሁለቴ ስኳር ሲጨምርበት አይታለች። ቁልፉን በእጁ ይዞ ቁልፍ ሲፈልግ አይታ «አባዬ ደግሞ» ብላ ስቃለች። በሽታውን ሳታይ ጥፋቱን አየች። ይህን ለራሷ በግልጽ አለችው፤ ሲሉት ግን አይቀልም።

ካፖርቱን ከላስቲኩ አውጥታ ለበሰችው። ትከሻው ሰፋት፤ እጅጌው ጣቶቿን ሸፈነ። ከአልጋው ስር ያረጀ ቦርሳውን ጎተተች፤ ግማሽ የቀረ የመረከቢያ ጥራዝ እዚያው ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች አክስቷ። «ቤቱ ሙሉ ሰው ነው እኮ።»

«ያልጨረሰው ሥራ አለ» አለች። አክስቷ ቀና ብላ አየቻትና ለእሷና ለሽማግሌው መንገድ ለቀቀችላቸው።

ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ እንፋሎቱ ሞቅ ብሎ ተቀበላት። ሽማግሌው ከሸሚዞቹ በላይ ካለው መደርደሪያ አምስቱን እቃዎች አወረዱ። በያንዳንዱ ላይ የላውንደሪ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ተሰክቶበታል፤ አቧራ አልነካቸውም። የአስተማሪዋን ጥቅል አስቀደመች። ለስላሳ ነበር፤ ሲይዙት ይሰረጉዳል።

ደረጃው እንደ ሕልሟ አልነበረም፤ አለቀ። አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። እጇ ሳታዝዘው አንኳኳ። ኳኳ፤ ኳ።

«መጣሁ፣ አቶ ደርሷል» አለ የሴት ድምፅ ከውስጥ፣ ደስ ብሎት። «እግሬ እስኪታዘዝልኝ ጠብቀኝ። ወዴት ጠፍተህ ከረምክ?»

የነጠላ ጫማ ድምፅ እየተጎተተ ቀረበ። ቅሬታ ጥቅሉን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች። በሩ ተከፈተ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ካፖርቱን አዩ፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ በደከመ ዓይናቸው ወደ ፊቷ ቀረቡ፤ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«አንቺ ማነሽ፣ ልጄ?»

«ልጁ ነኝ። በስልክ ያነጋገርኩዎት እኔ ነኝ።»

«እሱስ?»

ስድስት ዓመት ለሰው ሁሉ መልስ ስትሰጥ ኖራለች። አሁን ግን ጥቅሉን ትንሽ ወደፊት ገፋችው።

«ደርሷል» አለች፤ እንባዋም ያኔ መጣ።

አስተማሪዋ ጥቅሉን ሳይሆን እጇን ያዙ። አስገብተው አስቀመጧት፤ እስኪወጣላት አጠገቧ ተቀመጡ። ሲመሽም ሹራቡን ከነማሰሪያው ጭናቸው ላይ አድርገው «ልፈርም አይደል?» አሉ። እሱ እቃ እጃቸው ላይ አስረክቦ ሳያስፈርም ሄዶ አያውቅም።

ቅሬታ የመረከቢያውን ጥራዝ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ከታች «ያደረሰው» የሚል መስመር አለ። ረጅሙን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና፣ በጥንቃቄ፣ «አባዬ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶውን ለአስተማሪዋ ሰጠቻቸው።