የኢናባ ቤት ጎራዴ

ሽማግሌው ኩሮያናጊ በጃፓን ሴኪ ከተማ ጎራዴ ሲመረምር ያረጀ ሰው ነው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ጎራዴ የሚሰበስቡ ሁሉ እውነተኛውን ከአስመሳዩ እንዲለይላቸው ወደ እሱ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹም ፊታቸው ጠቁሮ ይመለሳሉ። ስለ ብረት ዋሽቶ አያውቅም። በሌላው ነገር እንደማንኛችንም ነው።

የዚያን ቀን ወይዘሮ ሚሳኦ ኢናባ ብቻዋን ገባች። ባሏ ዮሺኖሪ እግሬን አሞኛል ብሎ ውጭ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ከጨርቅ ፈታ ያወጣችው የመኮንን ጎራዴ ነበር፤ ከእጀታው የናስ ቀለበት ላይ ስምና ቀን የተጻፈበት ትንሽ እንጨት በክር ተንጠልጥሏል። ጎራዴውን ማርኮ የወሰደው አሜሪካዊ ሲሞት ልጁ ስሙን አስነብቦ ነው የላከው። ስሙ የሃሩኪቺ ኢናባ ነው፤ የመጀመሪያ ባሏና የዮሺኖሪ ታላቅ ወንድም። ቀኑ ደግሞ ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ትጥቅ የፈታበት ነው።

የሃሩኪቺ መርዶ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ደርሷል። በአጽሙ ፈንታ ድንጋይ የያዘ ነጭ ሣጥን መጣ። ሐዘኑ ሲያበቃ አማቾቿ ቤቱና እርሻው እንዳይበተን ለታናሹ ዳሯት። አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ቤት እንዲህ ነበር።

«ውሸት ነው ይበሉኝና ልሂድ» አለች።

እሱም ውሸት በሆነ ብሎ ተመኘ። አጭበርባሪዎች ፋብሪካ ያወጣው ብረት ላይ የሟች ስም አንጠልጥለው ሲሸጡ ስንቱን አይቷል። እጀታውን ከብረቱ ጋር የያዘውን የእንጨት ችንካር መትቶ አወጣና እጀታውን ሳበው። እጀታው ውስጥ ተደብቆ የኖረው የብረቱ ጭራ ማንም ያልፈገፈገው ጥቁር ዝገት ለብሷል፤ ይህ የፋብሪካ ሥራ አይደለም። ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ የጥንት ነው፤ ሌላው አሮጌው ጎራዴ ለጦር ሠራዊት እጀታ እንዲስማማ የተበሳ ሲሆን፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ሰያፍ የሞረድ ምልክት ይታያል። እንዲህ የሚሞርደው የኩሮያናጊ የገዛ አባት ብቻ ነበር።

ብረቱ እውነተኛ ሆኖ ስሙ ብቻ በኋላ ታስሮበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ተስፋ ክሩን ፈቶ ከሥሩ አየ። የናሱ ቀለበት ሁሉ ጠቁሯል፤ ክሩ ያረፈበት ብቻ ዛሬ የተሠራ ይመስል ያበራል። ክሩ ናሱ ገና ሳይጠቁር ከታሰረ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ኩሮያናጊ ምነው ባላየሁ አለ።

«የእሳቸው ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ በሕይወት ነበሩ።»

አላለቀሰችም። ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት በብርዱ ወራት፣ የበኩር ልጇን አርግዛ ሳለ የሆነውን ነገረችው። የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው በራቸው ላይ ቆመ። ለማኝ ነው አሏት። ዮሺኖሪ አንድ ጭብጥ ሩዝ ሰጥቶት በሩን ዘጋ። እሷ ከጓዳ ሆና ያየችው ጀርባውን ብቻ ነው።

«ጀርባውን አውቄው ነበር» አለች። «አላወቅሁትም ብዬ ይኸው ሠላሳ ዓመት ኖርኩ።» ከዚያ ሁለት እጇን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ግንባሯን ደፋች። «ባሌ ይህን ቢሰማ አይተርፍም። ለእሱ ውሸት ነው ይበሉልኝ፣ መምህር።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንዴ የዋሸ መርማሪ ከዚያ ወዲያ መርማሪ አይደለም። ኩሮያናጊ የአባቱን ሞረድ እያሰበ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ዮሺኖሪ የመኪናውን መስታወት ዝቅ አደረገ። ሽማግሌው አፉን ከመክፈቱ በፊት ዮሺኖሪ ቀደመው።

«ለእሷ ውሸት ነው ይበሏት» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «ያን ቀን በሩ ላይ ወንድሜ ‹ደህና ናት?› ብሎ ጠየቀኝ። አርግዛለች አልኩት። ሩዙን በሁለት እጁ ተቀብሎ አመስግኖኝ ሄደ።»

ሚሳኦ ጎራዴውን ታቅፋ ከኋላ ደረሰች። ሁለቱም ዓይናቸውን ሽማግሌው ላይ ተከሉ።

«ውሸት ነው» አለ ኩሮያናጊ።

ባልና ሚስቱ እጅ ነስተው አመሰገኑት።