ለመስፍኑ የቀረበ ጥርስ

መሬዋለሲ የዓሣ ነባሪውን ጥርስ በኮኮናት ዘይት ወልውላ ለአፒሳይ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። ጥርሱ ከአባቷ የወረሰችው ነው። በፊጂ ምድር እንዲህ ያለውን ጥርስ የተቀበለ አለቃ፣ አብሮት የመጣውን ልመና እምቢ አይልም።

«አጎቴ፣ አደራዎን። የበኩር ልጄን ቲሞዲን እዚያ ማላያ ጦር ሜዳ፣ ጫካ ውስጥ ቀበሩት፤ መቃብሩን እንኳ አላየሁም። የቀረልኝን ኤሞሲን ይተዉልኝ ብለው መስፍኑን ይለምኑልኝ።»

አፒሳይ የሟች ባሏ አጎት ናቸው። በአለቆች ፊት ስለ መንደሩ የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው፤ ሴት ጥርስ በሚቀርብበት ሥርዓት ላይ አፍ የላትም።

«በገዛ ፈቃዱ እኮ ነው ለዘመቻው የተመዘገበው» አሉ። «መስፍኑም ከእንግሊዝ ድረስ የመጡት ዘማቾቹን ሊሸኙ ነው። መርከቧ ነገ ትነሣለች።»

«ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል? ወንድሙም በፈቃዱ ነበር የሄደው።»

«እሺ ልጄ» አሉ፤ ዓይኗን ግን አላዩም።

እኩለ ቀን ላይ ሕዝቡ በባሕሩ ዳር ሜዳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። የመስፍኑ መኪና ሲደርስ አንድም ሰው አልጮኸም፣ አላጨበጨበም። ታላቅ ሰው የሚከበረው በዝምታ ነው። እንግሊዞቹ መኮንኖች ግን ሕዝቡ የተቀየመ መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ።

«ይኼ ነው መስፍኑ?» አለች ጎረቤቷ አኮሲታ በሹክሹክታ። «ቀልቶ የተቀቀለ ሸርጣን አይመስልም?»

መሬዋለሲ አልሳቀችም። ዓይኗ ከዘማቾቹ ሰልፍ ውስጥ ኤሞሲ ላይ ነበር። የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል።

አፒሳይ ተንበርክከው ጥርሱን ከፍ አደረጉ።

«ይህ ከአንዲት እናት የመጣ ነው። አንድ ልጇ ለዘውዱ ወድቋል።»

መሬዋለሲ በተቀመጠችበት ወደ ፊት አዘነበለች።

«የቀረላትንም በደስታ ሰጥታለች። ይቀበሉን።»

ለመነሣት ጉልበቷን ሰበሰበች። አኮሲታ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። ያንን ዝምታ የሰበረ ሰው በመንደሩ ታሪክ አልተሰማም። መልሳ ተቀመጠች። መስፍኑ እንዳስጠኑት በሁለት እጁ ጥርሱን ተቀበለ፤ ሽማግሌዎቹም የመቀበሉ ማኅተም እንዲሆን መዳፋቸውን አጎድጉደው በቀስታ አጨበጨቡ። አለቀ።

ሥርዓቱ ሲያበቃ አፒሳይ በአጠገቧ አለፉ። «መንደሩ የሰጠውን መልሱልኝ ይላል እንዴ? በምን ፊቴ ልበለው?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ኤሞሲ ሰልፉ እንደተበተነ እየሮጠ መጣ። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ይስቃልም።

«እናቴ፣ ሳትመርቂኝ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ስንት ጊዜ ለመንኩሽ!» እግሯ ሥር ተንበረከከ። «አፒሳይ የተናገሩልሽ ከልብሽ ነው አይደል?»

ሙዚቀኞቹ መንፋት ጀምረዋል፤ ሕፃናት እየጮኹ ይሯሯጣሉ። አሁን መናገር ይፈቀድ ነበር። እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። ፀጉሩ በፀሐይ ግሏል።

«ወንድምህ…» አለችና የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከለችለት።

እሱ አንገቱን እንደደፋ ምርቃቱን ይጠብቃል።