ያኮረፈው ዐሥረኛ

ልብስ ሰፊው ከእግዚአብሔር ጋር ከተኳረፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሐኪሙ «የባለቤትህ ልብ በቀዶ ጥገና ካልተጠገነ አያዛልቃትም» ያለው ዕለት፣ የጸሎት ኩታውን አጣጥፎ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበትና «ከዛሬ ጀምሮ አላናግርህም!» ብሎ ወደ ጣሪያው ጮኸ። ይህን ለማለትም ማናገር ግድ መሆኑን ልብ አላለም፤ የተናደደ ሰው የት ልብ ይላል።

ሚስቱ ግን ሳቀችበት።

«ሰው የሚያኮርፈው የኔ የሚለውን ነው። ከማታምነው ጋር ምን ያኳርፍሃል?»

«እናትሽንስ አኩርፌ የለ?»

እውነቱን ነው። አማቱ፣ ለሠርጉ በገዛ እጁ የሰፋውን ሱሪ አይታ በሰው ፊት «አንዱ እግሩ ያጥራል» ካለች ወዲህ፣ ሠላሳ ዓመት ስሟን በአፉ አላነሳም። «ሴትዮዋ» ነው የሚላት። ሞታ እንኳ አልማራትም።

የቀዶ ጥገናው ጠዋት፣ ሚስቱን በአልጋ እየገፉ ካስገቧት በኋላ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ኩርምት ብሎ ሳለ የምኩራቡ ጸሎት መሪ ስምንት ሰው አስከትሎ ከች አለ።

«ዘጠኝ ነን፤ ዐሥር ወንድ ካልሞላን የማኅበር ጸሎት የለም» አለው።

«ተኳርፈናል አልኩህ እኮ!»

«ማን ተናገር አለህ? ለቁጥር ቁም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለቁጥር ቆመ። የሕመምተኛዋ ጸሎት ሲደርስ መሪው ዘወር አለ።

«ሕመምተኛ በእናቱ ስም ነው የሚጠራው። የማን ልጅ ልበል?»

ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ሳይዞር መለሰ። «የ... የሴትዮዋ።»

«የሴትዮዋ ልጅ? ምን ነካህ ወንድሜ፣ ስንት ሴትዮ አለ መሰለህ!»

ዘጠኙም አፍጥጠው ጠበቁት። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር እንደተዘጋ ነው። ጸሎቱ በስም ስህተት ለሌላ ሰው ቢደርስስ? ፈራ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ፈራ። ሠላሳ ዓመት የዋጠውን ስም ሲያወጣው ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ማንሾካሾክ ጀመረ።

«እማማ፣ ሱሪው አጥሮ ነበር። ይቅር በዪኝ። እኔና እሱ አንነጋገርም፤ አንቺ አጠገቡ ነሽና ልጅሽን አደራ በዪልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጭንብሉን አውልቆ «ተሳክቷል» አለ። ሚስቱ ዓይኗን ስትገልጥ በመጀመሪያ ያየችው የባሏን የቀላ ዓይን ነበር።

«ታረቃችሁ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ከእናትሽ ጋር፣ አዎ።»

«ከእሱስ?»

ልብስ ሰፊው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«በእናትሽ በኩል እየተላላክን ነው።»