ሊሙ አሸዋ የለውም

«አረንጓዴውን አጥፊና አሸዋውን መልሺ» የሚለው መልእክት ሲደርሳት ሳቢሃ የቡና ቅጠል ላይ ዝናብ እያዘነበች ነበር። ቅጠሉም ዝናቡም ያሉት ኮምፒውተሯ ውስጥ ነው። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለችው ፎቶኮፒ ቤት ደንበኛ ሳሳ ባለ ቁጥር ይህንኑ ትሠራለች።

መልእክቱን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ለሥራ ባልደረባዋ ለዮኤል ስክሪኑን አዞረችለት።

«አሸዋ?» አለ ዮኤል። «አራት ወር ሙሉ ከሠራሽ በኋላ?»

ሁለቱም የሚሠሩበት ጌም «የጭነት ንጉሥ» ይባላል። ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ተጫዋቹ የጭነት መኪና እየነዳ ካገር አገር ይዞራል። ሠሪዎቹ ከተዉት ቆይቷል። በልጅነታቸው የወደዱት ሃያ ሦስት ሰዎች ግን ከዘጠኝ አገር በኢንተርኔት ተጠራርተው፣ ሰባራ ሳንቲም ሳይከፈላቸው፣ በአዲስ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እንደገና እየሠሩት ነው። ቅዳሜ ይለቀቃል። ዮኤል የሞተሮቹን ድምፅ ቀድቷል። ሳቢሃ የመጨረሻውን ጉዞ ወስዳለች፤ ከሊሙ ቡና ጭኖ ወደ ወደብ የሚወርደውን።

በድሮው ጌም ሊሙ ማለት ቢጫ አሸዋ፣ አንድ የደረቀ ዛፍና ሦስት ግመል ነው። ሳቢሃ ደግሞ የሊሙ ገነት ልጅ ናት። በአሥራ አንድ ዓመቷ ለትምህርት ጅማ አክስቷ ቤት ስትመጣ የሰፈሩ ልጆች ጌም ቤት ውስጥ አዩዋትና «ግመልሽን የት አሰርሻት?» አሏት። ስሟ «አሸዋ» ሆኖ ቀረ። ታፍር ነበር። ቢሆንም ጌሙን ትወደው ነበር፤ ያንን አሸዋ ከወንዶቹ ሁሉ ፈጥና ታቋርጠው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የቡድኑ አስተባባሪ ቶማሽ ከፖላንድ ደወለ። በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት።

«የሠራሽው ያምራል» አላት። «ግን ሰው የሚያስታውሰው አሸዋውን ነው። እኛ ደግሞ የምንሠራው ሰው የሚያስታውሰውን ነው።»

«እኔም አስታውሰዋለሁ» አለች። «አሸዋ እየተባልኩ ነው ያደግኩት።»

«ጌሙን አትወጂውም ማለት ነው?»

«ባልወደው አራት ወር እደክምበት ነበር? አንተ የከተማህን ድልድይ አስተካክለህ ሠርተህ የለ? በድሮው ጌም እኮ የእንጨት ነበር። ማን ተቆጣህ?»

«ያ ትንሽ ነገር ነው» አለ ቶማሽ።

«የእኔም ትንሽ ነው። አንድ ወረዳ ብቻ።»

ሌሎቹን ጠይቆ እስከ ማታ እንደሚያሳውቃት ነግሯት ስልኩን ዘጋ።

ዮኤል ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። «ስሚኝማ። ናይሮቢ ያሉት ጌም ሠሪዎች ጌሙ ሲወጣ ስምሽን አይተው ሊቀጥሩሽ ነው። ለአሸዋ ብለሽ እዚሁ ማመልከቻ ስትተይቢ ልትኖሪ ነው?»

«ስሜ ከግመል ሥር ተጽፎ ምን ያደርግልኛል?»

«እንጀራ ያበላሻል!»

ሳቢሃ ወደ ዝናቧ ተመለሰች።

ከዙሁር ሶላት በኋላ አባቷ ቲጃኒ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ። ከሊሙ ገነት የመጡት ለቡናቸው መሸፈኛ ሸራ ሊገዙ ነው፤ የተጠቀለለውን ሸራ በሩ ሥር አስቀመጡት።

«አባ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለችና የድሮውን ጌም ከፈተችላቸው።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? የት አገር ነው?»

«ሊሙ።»

«የኛ ሊሙ?» ግመሎቹን ቆጠሩ። «ሱብሃነላህ! የሠራው ሰውዬ አልመጣም ማለት ነው።»

ቀጥላ የራሷን አሳየቻቸው። መኪናው ከዋንዛው ሥር ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ አባቷ ጎንበስ ብለው ተጠጉ። «ይቺ የወንዙ መታጠፊያ አይደለች!» አሉና ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተኮሳተረ። «ልጄ፣ ውሸት አለበት።»

ሳቢሃ ጆሮዋ ጋለ። «ምኑ ላይ?»

«ቡናው ቀልቷል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ዝናብ ምንድን ነው? ለቀማ የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውም ሳይሸፈን ይዘንብበታል። ወላሂ፣ የዚህ ቡና ባለቤት ሰነፍ ነው!»

ዮኤል ከት ብሎ ሳቀ። ሳቢሃ ግን በዝናቡ ላይ አሥራ አንድ ቀን ፈጅታለች፤ ከሁሉም የምትኮራበት እሱ ነበር። አንዴ አየችውና ማጥፋት ጀመረች።

«እንዲህ በቀላሉ ታጠፊዋለሽ?» አሉ አባቷ።

«ውሸት ከሆነ ላጥፋው እንጂ። እነሱ ግን አሸዋውን መልሺ እያሉኝ ነው፣ አባ።»

«እና?»

«አልመልስም።»

«አልመልስም ካልሽ አትመልሺ» አሉ፤ ሸራቸውን ተሸክመውም ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቡናው ላይ ፀሐይ ወጥቶ፣ ቅጠሉ አቧራ ለብሶ ሳለ የቶማሽ መልእክት ደረሰ። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሏል። የተስማሙበት መፍትሔ ይህ ነው፦ ጌሙ ከነአሸዋው ይወጣል፤ የሳቢሃን ሊሙ ማየት የፈለገ ሰው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ስሟም ከሠሪዎቹ ሁሉ ፊት ይጻፋል።

«ይኸው!» ዮኤል ከወንበሩ ተነሣ። «አሸነፍሽ! ቶሎ እሺ በይ።»

ሳቢሃ ጣቶቿን አፍታታችና ጻፈች። «ቶማሽ፣ ቁልፏን ወድጃታለሁ፤ የተገላቢጦሽ ግን ትሁን። ጌሙ ሲከፈት የሚታየው ሊሙ ይሁን። አሸዋ የናፈቀው ሰው ቁልፏን ይጫን። ይህ የማይሆን ከሆነ እባካችሁ ሥራዬንም ስሜንም አውጡት።»

ዮኤል በትከሻዋ ላይ ዘንበል ብሎ አነበበው። «በናትሽ፣ መጨረሻውን ትንሽ አስተካክይው።»

ሳቢሃ መጨረሻውን ደግማ አነበበችው። እውነቱን ነው። «እባካችሁ» የምትለዋን ቃል አጠፋችና ላከችው።