ጫማውን ትቶ የሮጠው እንግዳ

ፈረንጁ ደጃችን የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጉም ሸለቆውን ሲሞላው። የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። ቋንቋችንን አንዲት ቃል አያውቅም፤ በስልኩ እንዳያስተረጉም እኛ ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም። ሁለት መዳፉን ገጥሞ ጉንጩ ሥር አደረገና መኝታ ለመነኝ። ጫማውን ደረጃው ሥር አስወልቄ ፎቅ ያለውን ደረቁን ክፍል ሰጠሁት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚያ ክፍል የአማቴ የእማማ ሺ የሬሳ ሣጥን አለ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሣጥኑን በቁሙ ያሠራል። እማማ ሺ ያሠሩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ በየዓመቱ ጥቁር ቀለም ያስቀቡታል፣ እኔም የዘር በቆሎ አስቀምጥበታለሁ። ከጎተራ ለይቼ አይቼው አላውቅም።

እማማ ሺ ደግሞ ሣጥናቸውን ሳያሳዩ እንግዳ አያሳድሩም። ተከትለውት ወጡ፤ ክዳኑን ገፋ አድርገው እንጨቱን ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ «ና እይ እንጂ ልጄ! ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው!» እያሉ በእጃቸው ጠሩት። ከታች ግቢው ውስጥ ባለቤቴ ለእራቱ ዶሮ ሊያርድለት ቢላዋ ይስላል። ሰውየው ሣጥኑን አየ፤ በመስኮት ቢላዋውን አየ፤ ከዚያ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ እንጃ፣ በካልሲው ሽው ብሎ አለፈኝ።

«ምን አልኩት?» አሉ እማማ ሺ ከላይ።

የሮጠው ሽቅብ ነው፣ ወደ በቆሎው። የባለቤቴ ወንድም ጓንግሳይ የዱር አሳማ እንዳይፈጅበት እርሻውን በኤሌክትሪክ ሽቦ አጥሮታል፤ ከጉልበት ዝቅ ያለ ቀጭን ሽቦ። ጉም ከወረደ ያበራዋል። አምና የጎረቤት የእርሻ ጎሽ ነክቶት፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተዘረረ።

«ጓንግሳይ! አጥፋው!»

«ማጥፊያው ከማዶ ጎጆው ውስጥ ነው!» እያለ በታችኛው መንገድ ፈረጠጠ።

«ስንቴ ንቀለው አልኩህ!»

«ምክሩን ስመለስ ትሰጪኛለሽ፣ እቴቴ!»

ባለቤቴ፣ «ቁም! ሽቦ አለ!» እያለ ሽቅብ ይሮጣል። በጮኸ ቁጥር የዚያኛው ሩጫ ይብሳል።

«አንተ ሰው፣ ቢላዋውን እኮ ይዘኸዋል!» አልኩት።

እጁን አይቶ ባለበት ቆመ። ዝም እንዲል ለምኜ የእንግዳውን ጫማ አንጠለጠልኩና ብቻዬን ወጣሁ።

ከጉሙ ውስጥ አገኘሁት። ጀርባውን ለበቆሎው ሰጥቶ ያለከልካል፤ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ደምቷል። ከሽቦው ቢርቅ አራት እርምጃ ነው። አንድ ብራመድ እሱም አንድ ወደ ኋላ ሄደ። ሦስት ቀረው። ሽቦውን ላመለክተው እጄን ከፍ ባደርግ ሌላም ሊያፈገፍግ ሆነ።

እጄን አወረድኩ። ጫማውን መንገዱ ላይ አስቀምጬ፣ ወደ ኋላዬ ተመልሼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። መቁጠሪያዬን አወጣሁ። እመቤቴ ሆይ፣ ይህም እናት አለችው።

ከዚህ በኋላ ያለኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። የበቆሎ ቅጠል ሲታሽ ሰማሁ፤ ሰው ይሁን ነፋስ አልለየሁትም። ልዞር ብዬ አንገቴ ሁሉ ተገተረ፤ አልዞርኩም። ሁለተኛውን ፍሬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ቅጠሉ እንደገና ታሸ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ የዚያ ጎሽ ዓይነት ጸጥታ።

ጠጠር ተንሸራተተ፣ ወደ እኔ በኩል። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ የጫማ ክር ሲጠብቅ።

«አጠፋሁት!» አለ ጓንግሳይ ከማዶ። የዚያን ጊዜ ነው የዞርኩት። እንግዳው ጫማውን አጥልቆ አጠገቤ ቆሟል።

ጓንግሳይ በማግስቱ ሽቦውን ጠቅልሎ አወረደ። እማማ ሺ ግን እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል፦ «ሣጥኑንስ ወደደው?»