ዕፀ ሕይወትን መንቀል

በአማርኛ ኪዳኔን የሚያህል ሰው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ የለም፤ ይህን የሚመሰክረው ግን ራሱ ኪዳኔ ነው። ቀን የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ይነዳል፣ ማታ የልጁን የሶሊን አማርኛ ያርማል። እዚሁ የተወለደችው ሶሊ እርማቱ ሲበዛባት አማርኛ መናገር ተወች። እሱ ደግሞ «ልጄ ቋንቋዋን ጠላች» እያለ ላገኘው ሁሉ ያማርራል።

ሶሊ ከአፓርትመንታቸው ጀርባ ያለውን የሕዝብ ደን በነፃ ከሚንከባከቡት አንዷ ናት። በዚያ ሰሞን የቅዳሜውን ሥራ እንድትመራ ተመረጠች። ሥራው ደኑን የወረረውን የመጤ ዛፍ ችግኝ በእጅ መንቀል ነው፤ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ሰው ካልመጣ መሳቂያ መሆኗ ነውና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲያስነግርላት አባቷን በእንግሊዝኛ ለመነችው።

«የዛፉ ስም ማነው?» አላት።

«ትሪ ኦፍ ሄቨን።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪዳኔ ማይክሮፎኑን ጨበጠ። «የሰማይ ዛፍ» ማለት ለእሱ ደረጃ አነሰችበት። ትንሽ ግእዝ ጣል ቢያደርግባት ማን ይጎዳል?

«ምእመናን ሆይ፣ ቅዳሜ ጠዋት በልጄ በሶሊ መሪነት ዕፀ ሕይወትን ከሥሩ እንነቅላለን» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ኪዳኔ አድናቆት መሰለው።

ቅዳሜ ሰው ጎረፈ። ኪዳኔ ደረቱን ነፍቶ ቀረብ ሲል ግን ጓንት ያጠለቀ አንድም የለም። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ችግኞቹን ከበው ቆመዋል።

«አንተ ኪዳኔ» አሉ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ እማማ ተናኘወርቅ፣ «እግዜር በኪሩቤል ያስጠበቀውን ዛፍ ልትነቅል? ያውም በልጅህ እጅ?»

የሶሊ ዓይን እንባ አቀረረ። ኪዳኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ላስረዳ ብሎ ሌላ ግእዝ ጨመረበት፤ ነገሩ ባሰ።

«አንተ ዝም በል። ልጅቷ ትንገረን» አሉ እማማ።

ሶሊ ወደ ችግኞቹ ጠቆመች። «እማማ፣ ተመልከቺ» ስትላቸው ኪዳኔ ጥርሱን ነከሰ። «ስሙ ብቻ ነው ሄቨን። እሱ ክፉ ነው። መሬት ውስጥ መርዝ ይሰጣል። ሌላውን ዛፍ አያስበላም።»

እማማ ቅጠል ቀንጥሰው አሹና አሸተቱት። ፊታቸውን አጨማደዱ።

«የገነትስ እንዲህ አይሸትም» ብለው ጎንበስ አሉና አንዱን ችግኝ መነገሉት። ሌሎቹም ተከተሉ።

ሶሊ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ልክ ነው ያልኩት?» አለችው፣ በአማርኛ።

እርማቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ኪዳኔ በራሱ አፈረ።

«ልክ ነው» አላትና እሱም ለመንቀል ጎንበስ አለ።